እንግዳና ተከራይ

የመሸበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱ መደቡን አንጥፎ፣ ካለው አካፍሎ ያሳድረዋል። እህል ሳይቀምስ «የማን ልጅ ነህ? አገርህስ ወዴት ነው?» እያሉ ማስጨነቅ ነውር ነው። ይኸው መንገደኛ በማግሥቱ «ከጓሮ ያለችውን ክፍል በወር እየከፈልሁ ልቀመጥባት» ቢል ግን ጥያቄው እንደ ዝናብ ይወርድበታል። በነፃ የተከፈተው በር፣ ገንዘብ ይዘው ሲያንኳኩት ስለምን ይጠባል?

ይህን እንድንጠይቅ ያደረገን ባለፈው ክረምት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፋችን ሥነ ቃል ልንሰበስብ ሦስት ሆነን ከደብረ ሲና ወዲያ ወዳለች ትንሽ ከተማ ወረድንና ለሁለት ወር አንድ ክፍል ፈለግን። በትንሽ ከተማ ቤት የሚፈለገው በሱቅ፣ በልብስ ሰፊና በሻይ ቤት እየተጠየቀ ነው፤ እኛ ቤቱን ከማየታችን በፊት ከተማው እኛን አይቶ ጨርሷል። «ላጤ አይሆንም» አሉን። ባለ ልጅም አይሆንም አሉ። ኧረ ማን ይከራየው ታዲያ! በመጨረሻ አንዲት እናት ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱ፣ ማታ ስለምንገባበት ሰዓት ጠይቀውን ተስማማን። ቀጥለው ግን «አገራችሁ ወዴት ነው? ሃይማኖታችሁስ?» አሉ። ከሦስታችን የአንዱ መልስ አላማራቸውም። «ሁለታችሁ ግቡ» አሉን።

እኚህን እናት ጨካኝ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኛ ግን አንልም። ግቢው አንድ ነው፤ ቧንቧው አንድ፣ ቆጣሪው አንድ፣ መጸዳጃው አንድ። የሟች ባላቸው ጡረታ ስላልበቃ ነው የልጃቸውን ክፍል የሚያከራዩት። እንግዳ ጉድለቱን ይዞ ጧት ይሄዳል፤ ተከራይ ይሰነብታል። አብሯቸው የሚኖረውን ሰው መምረጥ ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም።

ነገር ግን ምርጫው በምን ይሁን? «ስንት ሰዓት ትገባላችሁ?» ላሉን ቃል ልንገባ፣ ቃላችንን ብናፈርስ ልንባረር እንችላለን። «የት ተወለድህ?» ለሚለው ግን ምን ቃል ይገባል? በዚህ ላይ የከተማው ማነስ አለ። በአዲስ አበባ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ይንኳኳል። እዚያ ግን የሚከራየው ክፍል በጣት ይቆጠራል፤ የጧቱ እምቢታ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ደርሷል፤ ቀጣዩ አከራይ ሰምቶ ይጠብቃችኋል። የአንዲት እናት ስጋት ሳያስቡት የከተማው ፍርድ ይሆናል። አንድ ጓደኛችን «የግል ቤታቸው ነው፣ መንግሥት አይደሉም» ብሎ ይሟገታል። እውነቱን ነው፤ ግን ሁሉም በር «የግል ነኝ» ብሎ ሲዘጋ የተዘጋው ከተማው ነው።

ሕግስ? የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ወርሶ በግለሰቦች መካከል የነበረውን የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ሲሽር፣ ነገሩን ከሥሩ የነቀለ መስሎት ነበር። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየውን ቤት ቀበሌ ያዘው፤ ኪራዩም ረከሰ። በር ላይ የሚጠይቀው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው አልቀረም። የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ደግ ነው። ይህ ሁሉ ግን በሩን ላለፈ ሰው ነው፤ እኛን የጨነቀን በሩ ላይ ያለችው ደቂቃ ናት።

ያ ጓደኛችን «እናንተ ግቡ፣ እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ» አለ። ሌሊቱን ተከራክረን አልገባንም፤ ሦስታችንም አልጋ ቤት አደርን። በሦስት ሳምንት ገንዘባችን አለቀ፤ ሥነ ቃሉም በግማሽ ቀረ። ልንሄድ ስንል የእኚያ እናት የልጅ ልጅ ትኩስ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። «ለሦስታችሁም ነው ብላለች አያቴ፤ ለእንግዶቹ» አለን።