የስደተኛው ወረፋ

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» ተብለው የሚታወሱት እነዚህ ስደተኞች የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆነው አገለገሉ። በአራዳ የሚገኘው የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን ሰፈሩ ስደተኛን ከጥንት እንደሚያውቅ ይመሰክራል። ይሁንና አርባዎቹን የተቀበላቸው አልጋ ወራሽ ነበሩ። ዛሬ በከተማችን ቤት ተከራይተው ለሚኖሩት ኤርትራውያን፣ ሶማሊያውያንና የመናውያን ሲታመሙ በሩን የሚከፍትላቸው ማን ነው?

ሕጉስ ከፍቶላቸዋል። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት እንዲያገኙ ይፈቅዳል። ነገር ግን በጤና ጣቢያው የካርድ መስኮት ፊት የምትቆመው፣ ሕመሟን በአማርኛ ማስረዳት የማትችል እናት ናት፤ የያዘችው የስደተኛ ወረቀትም ለመዝጋቢው እንግዳ ሊሆንበት ይችላል።

ከኋላዋ ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈ ድኻ ጎረቤታችን «ለእኛ ያልበቃ መድኃኒት ለእንግዳ ይተርፋልን?» ቢል፣ ክፉ ነው ብለን ልንገሥጸው አይገባም። የተለመደው መልስ «ኩፍኝና የሳንባ ነቀርሳ ዜጋና ስደተኛ አይለዩም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን አያረካንም። የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ወደ ጎረቤት አይተላለፉምና፣ በዚህ መልስ ብቻ ከሄድን እነዚህን ሕሙማን እንተዋቸዋለን።

እንደ እኛ አስተያየት ስደተኛው የሚጠይቀው ከወረፋው መቅደምን ሳይሆን መቈጠርን ነው። ጤና ጣቢያ የክትባቱንና የመድኃኒቱን ዕቅድ የሚያወጣው በአገልግሎት ክልሉ በሚኖረው ሕዝብ ብዛት ነው። ያልተቈጠረ ስደተኛ ሲታመም መምጣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ለሌላው ከታቀደው ይካፈላል። እንግዲህ እርሱን አለመቍጠር ቅሬታ ያቀረበውን ጎረቤትም ይጎዳል። መቈጠሩ ስለዚህ ምጽዋት ሳይሆን ፍትሕ ነው።

ደጉ ሳምራዊም ቍስሉን በማሰር አላበቃም፤ ቍስለኛውን ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ አደራ ሰጥቶ፣ ተመልሶ ሊመጣ ቃል ገባ። የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ ትልቁ ሥራም ይኸው መመለስ ነው። በስድስተኛው ሳምንት የተከተበ ሕፃን በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ከዚያም በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት መመለስ አለበት። ኪራይ ሲጨምርባቸው ወላጆቹ ሰፈር ይለውጣሉ፤ ቀጠሮውም ይጠፋል። ትግርኛ ወይም ዐረብኛ የሚያውቅ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ቀኑን ያስታውሳቸው፤ እስከ ካርድ መስኮቱም አብሯቸው ይሂድ።