ድንጋዩን ማን ይሸከም?

በኛ አገር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ደጅ ይወድቃል። ደግ ወግ ነው። ግን ሽማግሌዎቹ «ስለ ሽበታችን» ካሉ በኋላ እምቢ ያለ ተበዳይ፣ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የዴዝሞንድ ቱቱ ኮሚሽን፣ በፖለቲካ ምክንያት የበደለ እውነቱን ሙሉ በሙሉ ከተናገረ ከክስም ከካሳም ነፃ ያወጣ ነበር፤ ጸጸት አይጠየቅም። በ1977 በፖሊስ እጅ የሞተው የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብ እምቢ አለ፤ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶ ተረታ። ፖሊሶቹም በ1999 እውነቱን አልተናገሩም ተብለው ምሕረት ተነፈጉ፤ በ2003 ግን ማስረጃ አነሰ ተብሎ ክሱ ቀረ። ሩዋንዳ በጋቻቻ፣ የሣር ላይ ችሎት እንበለው፣ ላመነ ቅጣት አቀለለች እንጂ እስሩን አልተወችም።

እኔን የሚከነክነኝ የቢኮዎች እምቢታ ነው። ተረቱ እንጂ ይቅር አሉ አልተባለም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ ማን አጠገቡ ይቀመጣል?