ስም የወጣለት በግ

የገበሬ ልጅ ሆኖ የበሬ ስም የማያውቅ የለም። ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ወይኖ… እርሻ ላይ በስማቸው ይለመናሉ፣ በስማቸው ይሰደባሉ። ላሚቱም ስም አላት፣ ውሻውም አለው። በግ ግን፣ ቢያንስ እኔ ባደግሁበት በመንዝ፣ በግ ነው። ቢበዛ "ያች ጥቁሯ" ቢባል ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ገርሞኝ አያውቅም። የገረመኝ በ2006 ዓ.ም. ክረምት፣ የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ወንድሜ ቤት የከረምሁ ጊዜ ነው።

መንዝን በክረምት ያላየ ሰው ብርድ ምን እንደሆነ አያውቅም (ወገንተኝነት ካለብኝ ይቅር በሉኝ)። ጉሙ ከደጃፍ ይጀምራል። ልጁ ሁለት ቀን "እንሂድ" እያለ አለቀሰና በሦስተኛው ቀን ጠፋብን፤ ከእረኞቹ ጋር ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ቤት የሚያስገባው ዝናብ ብቻ ሆነ። ጓሮ ገብቶ ጎመን ይቀነጥሳል፣ ድንች ሲቆፈር ጭቃው ውስጥ እስከ ክንዱ ይገባል፣ እንቁላል ፍለጋ ከቆጥ ስር ይሽሎከሎካል። ማታ በጎቹ ወደ ጉረኖ ሲገቡ ቆጣሪው እሱ ነው። አሥራ ሰባት። አንድ ቀን አሥራ ስድስት ሆነው በዝናብ መንደሩን አስዞረን፤ አንዷ ከጎረቤት በጎች ጋር ተቀላቅላ ተገኘች።

ከአሥራ ሰባቱ አንዱ ለእንቁጣጣሽ የሚቀለብ ሙክት ነበር። የጠላ አተላና ጨው የሚያቀርብለት ልጄ ሆነ። በሳምንቱ "ቡቺ" አለው። አዲስ አበባ ያለ ውሻ እኩሌታው ቡቺ አይደል? ወንድሜ ሳቀና ሳቁን ቶሎ ዋጠው። ለብቻዬ አድርጎ፣ "ኧረ ይሄ ልጅ! በግ ስም ይወጣለታል እንዴ?" አለኝ።

ፍልሰታ ገባ። ሁለት ሳምንት በጉም እኛም ቅጠል በላተኞች ሆንን። ልጁ ደስ ብሎታል፤ እኔ ግን ቀን እቆጥር ጀመር።

ቶልስቶይ በቱላ ከተማ ቄራ ገብቶ ያየውን "የመጀመሪያው እርምጃ" በተባለው ድርሰቱ እ.ኤ.አ. በ1892 አሳትሞታል። ሥጋ መብላት የተወው ቀደም ብሎ ነው፤ የሄደው ነገሩን በዓይኑ ለማየት ነበር። ሊያስቀረው የማይችለውን ስቃይ ሄዶ መመልከት መጀመሪያ እንዳሳፈረው ይናገራል። ስለዚህ ድርሰት ተማሪ ፊት ቆሜ ስንት ለፍልፌያለሁ! ከክፍል ወጥቼ ሥጋ ቤት ስገባ ግን "ከጎድኑ አድርግልኝ" እንጂ በሬው ማን ይባል ነበር ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ከተሜው ብቻ ነው ዓይኑን የሚሸፍነው እንዳልል ደግሞ አባቴ ትዝ ይለኛል። ዳለቻ ሲያረጅ ገበያ ወስዶ ሸጠው። ገዢው እንደሚያርደው ጠፍቶት አይደለም። ያን ማታ እራት አልበላም። እናቴ "ምን ነካህ?" ብትለው፣ "ስሙን ለሰውዬው አልነገርሁትም" አላት። በቃ፣ ይኸው ነው ያላት።

በጳጉሜን ልጄ ጠየቀኝ። "ቡቺን ነው የምታርዱት?"

"የለም፣ ከገበያ ሌላ እንገዛለን" አልሁት።

ወንድሜ ሰምቷል። ምንም አላለም። በበዓሉ ማለዳ ልጁን ከእረኞቹ ጋር አደይ አበባ እንዲለቅም ሰደድሁት። እቅፍ ሙሉ ይዞ ሲመለስ ሁሉም ነገር አልቋል። ምሳ ቀረበ፤ ከእኔ ጎን ተቀምጦ ጥግብ እስኪል በላ። የገበያው በግ መስሎታል። እኔ ጉርሻ አልወርድ አለኝ፤ እሱ "አባዬ ብላ እንጂ" ይለኛል።

ማታ በጎቹ ገቡ። ቆጠረ። አሥራ ስድስት።

እኔን አልጠየቀኝም። "ጋሼ፣ ቡቺ የታለ?" አለው ወንድሜን።

"አርደነዋል የኔ ልጅ። ያረድሁት እኔ ነኝ።"

"ምሳ የበላነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ቀለብነው?"

"ሳንቀልበው፣ በምን አፋችን እንበላዋለን?"

ይህ ሙግት በጉን ያሳምነዋል ብዬ አላስብም። ውሉ ላይ እሱ አልፈረመም። አንዱ ወገን ብቻ የሚያውቀው ውል ምን ዓይነት ውል ነው? ስምንት ወርም ተቀለበ ስምንት ዓመት፣ ቢላዋው ያው ነው። ወንድሜ ግን ይህን አላስተባበለም፤ እጁ ያደረገውን አፉ ተናገረ። እኔ በጉን አልነካሁትም፣ ደም አላየሁም፣ ንጹሕ ነኝ ባይ ነበርሁ። ልጄን ግን የማያውቀውን ያስበላሁት እኔ ነኝ። ሥጋ አልበላም ለማለት ዕድል አልሰጠሁትም፤ ዕድል ብሰጠው ምናልባት አይቶ፣ አልቅሶ፣ ይበላ ነበር። ማን ያውቃል።

ያን ሌሊት ሲያለቅስ ያደረው አጎቱ ጋቢ ውስጥ ነው። ጠዋት ተነሥቶ አብረው ወደ በጎቹ ወጡ።

አሁን ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ሥጋ ይበላል፣ ቡቺንም እያነሣ ይስቃል። አንድ ነገር ስነግረው ግን፣ የትራንስፖርት ዋጋ እንኳን ቢሆን፣ "ቆይ ጋሼን ልጠይቀው" ይላል። እንደ ቀልድ ነው የሚለው። እኔም እንደ ቀልድ እቀበለዋለሁ።