ለመደሰት ማንበብ ነውር ነው?

«ምን እያነበብክ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የመጽሐፉን ሽፋን በመዳፉ የሚከልል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከራሴ የሚጀምር ነው። ለመደሰት ብቻ ብሎ ልብ ወለድ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው? ሊነበብ የሚገባውስ ቁም ነገር ያዘለ መጽሐፍ ብቻ ነው?

ያደግኩት ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ነው። በልጅነቴ የወንጀልና የስለላ ታሪኮችን በሳንቲም እየተከራየሁ አነብ ነበር። ማታ ማታ ኩራዝ አብርቼ፣ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ ለእናቴ እተርክላታለሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ገዳዩን ከእኔ ቀድማ የምታውቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። «ይሄ ሰውዬ መሐላ ያበዛል፤ እሱን ጠርጥር» ትለኝ ነበር።

ለትምህርት አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ መጣሁ። መጽሐፍን «ከባድ» እና «ተራ» ብሎ መለየት ለምጃለሁ። አንድ ማታ እናቴ ከመሄዴ በፊት ጀምረን ያልጨረስነውን ታሪክ አስታውሳ፣ «ኢልማኮ፣ ያ ሌባ ተያዘ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንዲህ ያለውን ተራ ነገር ትቻለሁ» አልኳት። ዝም አለች። ዳግመኛም አልጠየቀችኝም። ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ሌባው ግን ተይዞ ነበር።

ያን ማታ ስለ መጽሐፍ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። የተናገርኩት ስለ ራሴ ነው። ከፍ ማለቴን ላሳያት ፈልጌ ነበር።

የወለጋን የንባብ ታሪክ ባውቅ ኖሮ እንዲህ ባልደፈርኩ። ነቀምቴ ኖሮ በ1931 እ.ኤ.አ. እዚያው ያረፈው ኦነሲሞስ ነሲብና የሥራ ባልደረባው አስቴር ጋኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ የደከሙ ሰዎች ናቸው። ሙሉው መጽሐፍ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚህ የበለጠ ከባድ ሥራ ማን ሊጠቅስ ይችላል? ሆኖም በ1894 እ.ኤ.አ. ለወጣው የንባብ ማስተማሪያ አስቴር በቃሏ የያዘቻቸውን ተረቶችና ዘፈኖች አሰባሰበች። አስቴር በልጅነቷ በባርነት ተሽጣ ኋላ ነጻ የወጣች ሴት ናት። የሸጧት ሰዎች ከአገሯ ነጠሏት፤ የልጅነት ተረቷን ግን ሊወስዱባት አልቻሉም። ይህን ተራ ነገር የሚል ይኖራል?

ታዲያ መጽሐፍ ሁሉ እኩል ነው ማለቴ ነው? አይደለም። ገዳዩ እንደ ታወቀ የሚረሳ መጽሐፍ አለ፤ ከታጠፈ በኋላ ዓመታት አብሮን የሚኖርም አለ። ነገር ግን ልዩነቱ ደስታን በመስጠትና ባለመስጠት አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ሰው ጆሮውን የሰጠው እየተደሰተ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ፍቅርም ስለላም ያለበት፣ ልብ የሚያንጠለጥል ታሪክ ነው። በ1975 ዓ.ም. እንደ ወጣ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። አጓጊ መሆኑ ቁም ነገሩን አልቀነሰውም። እንዲያውም ወደ ብዙ ሰው ያደረሰው እሱ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጽሐፍን መመዘን ተገቢ ነው እላለሁ፤ አንባቢን በሚያነበው መናቅ ግን ነውር ነው። ከባድ መጽሐፍ አንብቦ እናቱን የሚንቅ ሰው ምን አነበበ ይባላል?

በቅርቡ ልጄ ወደ ክፍሏ ስገባ የምታነበውን መጽሐፍ ትራስ ሥር ስትከተው አየኋት። አልተቆጣሁም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «ሌባው ተያዘ ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት።