«በርቺ» አይበቃም

የተማሪዎች ፊልም በሚታይበት አዳራሽ መብራት ሲበራ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ልጆቼ። ፊልሙ ታሪክ ያለው ከሆነ እጅ የሚያወጣ አይጠፋም፤ «እናትየዋ ለምን ዝም አለች?» ይባላል፣ «መጨረሻው ተቻኮለ» ይባላል። ብርሃንና ጥላ ብቻ የሚፈራረቅበት፣ ወይም አንድ ግድግዳ ስምንት ደቂቃ የሚታይበት ሲሆን ግን ሁሉም ስልኩን ያወጣል። አንዱ ጨዋ «ሐሳቡ አሪፍ ነው፣ በርቺ» ይላል። ሌላው «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሠሪዋ ስለ ጊዜ፣ ስለ ማንነት፣ ስለ ትዝታ ጥቂት ተናግራ ትቀመጣለች። እውነተኛው አስተያየት የሚጀመረው ውጭ፣ ቡና ላይ፣ እሷ በሌለችበት ነው።

በተመልካችነትም በመምህርነትም እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ምክሬም በቅድሚያ ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁት ነው፤ ለሠሪዎቹ የምለው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

«ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ዋጥ አድርጉት። ቀድሞ ከመጣ ያያችሁትን ይሰርዝባችኋል። ሠሪዋ አንዴ ካብራራች በኋላ ፊልሙን ትታችሁ ማብራሪያውን ነው የምታስታውሱት። ደግሞም እሷ ኤዲቲንግ ላይ ስትበትነውና ስትገጥመው የከረመችውን ሥራ ከእንግዲህ እንደ አዲስ ልታየው አትችልም። የመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ያለው እናንተ ዘንድ ነው። እሱን ሳትሰጧት ከወጣችሁ፣ ምንም ብትሉ ምንም አልሰጣችኋትም።

ስለዚህ ከፍርድ በፊት ያያችሁትንና የሰማችሁትን ተናገሩ። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩትና እዩ። አንዲት ተማሪ የሠራችውን ላንሣላችሁ። ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈው ይታያሉ፣ ሰው የለም። ካሜራው አይነቃነቅም፣ ድምፅም የለም። ከደቂቃ በላይ እንዲህ ከቆየ በኋላ ስክሪኑ ይጠቁርና ውሃ ባዶ ጀሪካን ውስጥ ሲወርድ ይሰማል፤ መጀመሪያ ወፍራም፣ ጀሪካኑ እየሞላ ሲሄድ ደግሞ እየቀጠነ የሚመጣው ያ የምናውቀው ድምፅ። ሊሞላ ሲል ይቋረጣል። ጀሪካኖቹ ይመለሳሉ፣ አሁን አንዱ ተጋድሟል። በቃ፣ አለቀ።

«ስለ ውሃ እጥረት ነው» አለ አንዱ፤ አዳራሹም ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነበር፣ ግን ይህን ለማለት ፊልሙን ማየት አያሻም፤ የጀሪካኑ ፎቶግራፍ ይበቃል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ግን «ድምፁ ሊሞላ ሲል ትንፋሼን ያዝኩ፤ ሊፈስ ነው ብዬ እጄ ሁሉ ተነሣ፤ ሲቋረጥ ተናደድኩ» አለ። ሠሪዋ ማስታወሻዋን ያወጣችው ያኔ ነው። ልጁ አላሞገሳትም፣ አልነቀፋትም። ድምፁን የቆረጠችበት ቦታ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ነገራት፤ ይህን ደግሞ ኮምፒውተሯ ፊት ብቻዋን ተቀምጣ ልታውቀው አትችልም ነበር።

«አልገባኝም» ማለትም አያሳፍርም፤ ቦታውን ጨምሩበት እንጂ። «እስከ ጀሪካኖቹ ሁለተኛ መምጣት ተከትዬሽ ነበር፤ የተጋደመው ላይ ጠፋሁ» ቢላት፣ ሠሪዋ ነገ ጠዋት ያን ሾት ከፍታ ትመለከተዋለች። ባዶውን «አልገባኝም» ግን ምን ታድርገው?

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ፈተና አለብን። ሰምና ወርቅ እያደነቅን ስላደግን ምስል ሁሉ ወርቅ ያለው ይመስለናል፤ ጀሪካኑን ሕዝብ፣ የተጋደመውን መንግሥት እያደረግን እንፈታለን። ወርቅ ያለው ፊልም አለ። የሌለውም አለ። አሜሪካዊው ስታን ብራኬጅ በ1963 እ.ኤ.አ. «ሞዝላይት» የተባለ ፊልም ያለ ካሜራ ሠራ፤ የእሳት እራት ክንፎችን፣ ቅጠሎችንና የአበባ ክፍሎችን በሁለት ግልጽ ፕላስተሮች መካከል አጣብቆ ወደ ፊልም አስገለበጣቸው። አራት ደቂቃ ያህል ነው፣ ድምፅ የለውም። ክንፎቹ ይርገበገባሉ፣ የቅጠሉ ጅማት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። እዚያ ውስጥ ምስጢር ሲፈልግ የቆየ ሰው ክንፎቹን ሳያይ ይወጣል።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ስሕተትን ከዓላማ መለየት ነው። ምስሉ ደብዝዟል፤ ካሜራው ተንቀጥቅጧል፤ ድምፁ ከምስሉ ቀድሟል። ሆን ተብሎ ነው ወይስ እጅ አጥሮ? እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ድግግሞሽ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የደበዘዘ ሾት ብዙውን ጊዜ ሌንስ ያልተስተካከለበት ነው። ተመልሶ ከመጣ፣ ሲመለስም ለውጥ ይዞ ከመጣ፣ ሠሪው እያሰበበት ነው። ፊልም ሠሪዋ ማያ ዴረን ከአሌክሳንደር ሃሚድ ጋር በ1943 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሠራችው የ14 ደቂቃ ፊልም፣ «ሜሽስ ኦፍ ዘ አፍተርኑን» ውስጥ፣ ቁልፍ፣ ቢላዋና አበባ ደጋግመው ይመጣሉ፤ ቁልፉ እጅ ላይ ሆኖ ቢላዋ ይሆናል። ማንም አይነግራችሁም፣ ግን በሦስተኛው ዙር ቁልፉ ሲመጣ ሆዳችሁ ይሸበራል። ሙዚቃው እንኳ ከዓመታት በኋላ የተጨመረ ነው፤ ከቻላችሁ ድምፁን ዘግታችሁም እዩት፣ ምስሉ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሸከም ትረዳላችሁ።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉም አይጠፉም። ለእነሱ የምላቸው አጭር ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ ሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ» የተባለውን የ36 ደቂቃ ፊልም ሠራ። መነሻው የጥቁሮች መብት ታጋይዋን አንጄላ ዴቪስን በካቴና ታስራ በቴሌቪዥን ካየ በኋላ ያየው ሕልም ነው፤ ፊልሙም ቀጥ ባለ ታሪክ ሳይሆን በአንዲት እስረኛ ውስጣዊ ንግግር ነው የሚጓዘው። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ፊልሙ ያለዚያ የተማሪነት ድፍረት ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕሎቹን «የእኛ አይደሉም» ያሉ ነበሩ፤ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ።

ወደ አነጋገራችን ልመለስ። አሜሪካዊቷ የዳንስ ሠሪ ሊዝ ለርማን በ1990 እ.ኤ.አ. ግድም ለሥራ አስተያየት መስጫ የሚሆን ቅደም ተከተል አዘጋጅታ ነበር፤ መጀመሪያ ተመልካቹ የነካውን ይናገራል፣ ቀጥሎ ሠሪው ይጠይቃል፣ ከዚያ ተመልካቹ ፍርድ የሌለበት ጥያቄ ያቀርባል፣ አስተያየት የሚመጣው በመጨረሻ፣ ያውም በፈቃድ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። «ለምን ይህን ያህል አስረዘምሽው?» የሚለው ጥያቄ የለበሰ ወቀሳ ነው። «የሾቱን ርዝመት በምን ወሰንሽ?» ግን ጥያቄ ነው፤ መልሱም ራሷን ያስገርማታል። የመጨረሻውማ ለእኛ ወግ ምን ያህል ይስማማል! «ስለ ድምፁ የምለው ነበረኝ፤ ልናገር?» ስትሏት አክብራችኋታል፣ እውነቱንም ለመናገር በር ከፍታችኋል።

እውነቱን መናገር ያልኩት በዋዛ አይደለም። ይሉኝታ ብዙ ተማሪ ገድሏል። ረቂቅነት የሰነፍ መደበቂያ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ባለቀ ሰዓት የተቀረጸ የመንገድ መብራት፣ ላዩ ላይ የተጫነ ዋሽንት፣ ከዚያ «ብቸኝነት» የሚል ርዕስ። እንዲህ ዓይነቱን ስታዩ «ዋሽንቱ ስሜቱን ቀድሞ ስለነገረኝ ምስሉን ማየት ተውኩ» በሉ። ሳትሳደቡ የቱ ጋ እንደለቀቃችሁ ንገሩት። ጎበዙ ተማሪ ዋሽንቱን ያወጣዋል፤ ሰነፉ ይቀየማችኋል፣ ይቀየም።

አሁን ለሠሪዎቹ። ፊልማችሁ ከመታየቱ በፊት «ገና አላለቀም፣ ይቅርታ» አትበሉ፤ ተመልካቹ ጉድለት ፍለጋ ይቀመጣል። ሰዎች ሲናገሩ መልስ አትስጡ፣ ጻፉ። አንድ ሰው ያለው የእሱ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከጠፋ ግን ቤታችሁ ስትገቡ ያን ቦታ ክፈቱት። የአዳራሹንም ድምፅ ማጉያ ሰው ሳይገባ ፈትሹ፤ ዝምታን ለመስማት የሠራችሁት ፊልም በሚያጉረመርም ማጉያ ከታየ የሚሰጣችሁ አስተያየት ሁሉ ስለ ማጉያው ነው።