ልጁን የሾመ አሠልጣኝ

አንድ ሰው ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ በሥራውም ውጤት ያስመዘገበ ከሆነ፣ ከሥሩ የሚሠሩትን ሰዎች እንዳሻው የመምረጥ መብት ይኖረዋልን? የመረጠው የገዛ ልጁን ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ የቀሰቀሰብኝ ከእኛ ሜዳ ርቆ የሚገኝ፣ ብዙዎቻችን ሕጉን እንኳ በቅጡ የማናውቀው የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። አንባቢ ግን እዚህ ላይ ፊቱን እንዳያዞር አደራ እላለሁ፤ ነገሩ ከኳሱ ይልቅ ወደ ሰው ጠባይ ያደላልና።

በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ አዮዋ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ተመሥርቶ ከዓለም ዙሪያ ደራስያንን ሲጋብዝ የኖረው የዩኒቨርሲቲው ዓለም አቀፍ የደራስያን መርሐ ግብር ነው። ለአገሩ ሰው ግን አዮዋ ማለት በመጸው ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ 69,000 ያህል ተመልካች የሚይዘው የኪኒክ ስታዲየም ነው። ግዛቲቱ ታላላቅ የሙያ ቡድኖች የሏትም፤ ስለዚህ ገበሬውም፣ መምህሩም፣ ነጋዴውም «የኔ» የሚለው የዩኒቨርሲቲውን ቡድን ነው። ከስታዲየሙ ጎን የሕፃናት ሆስፒታል ይገኛል። ከ2017 ጀምሮ የመጀመሪያው ሩብ ጨዋታ ሲያበቃ ተመልካቹ በሙሉ ብድግ ብሎ፣ ከላይኛው ፎቅ በመስኮት ለሚመለከቱት ሕሙማን ሕፃናት እጁን ያውለበልባል። ይህን የምጠቅሰው በከንቱ አይደለም። በኋላ በአሠልጣኙ ላይ ያጉረመረመው ይኸው ሕዝብ ነው፤ ማጉረምረሙን የሥራ ፈት ጩኸት ነው ብሎ መናቅ አይቻልም።

ዋና አሠልጣኙ ከርክ ፈረንዝ ቡድኑን መምራት የጀመሩት በ1999 የውድድር ዘመን ነው። በዚህ ጨዋታ ዋና አሠልጣኝ ብቻውን አይሠራም። ማጥቃቱን የሚመራ አንድ፣ መከላከሉን የሚመራ ሌላ አሠልጣኝ ከሥሩ አሉት፤ ጥበቡም በአብዛኛው የሚታየው እነዚህን ሰዎች መርጦ በየቦታቸው በማስቀመጡ ነው። በ2017 ፈረንዝ የማጥቃቱን ክፍል ለልጃቸው ለብራያን ሰጡ። ብራያን ባዶ እጁን የመጣ አልነበረም። በዚያው ቡድን ተጫውቷል፤ በስመ ጥሩው የኒው ኢንግላንድ የሙያ ቡድን በአሠልጣኝነት ሠርቷል፤ ከ2012 ጀምሮም በአዮዋ ረዳት አሠልጣኝ ነበር። ዘመድ ዘመዱን በቀጥታ እንዲቆጣጠር ደንቡ ስለማይፈቅድ፣ በወረቀት ላይ የልጁ አለቃ አባቱ ሳይሆኑ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ጋሪ ባርታ እንዲሆኑ ተደረገ። በወረቀት ላይ እላለሁ፤ ሜዳው ላይ አብረው የሚውሉት አባትና ልጅ ናቸውና።

በ2022 የመክፈቻ ጨዋታ አዮዋ ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 7 ለ 3 አሸነፈ። ሰባቱ ነጥብ እንዴት እንደተገኘ ልብ ይሏል። ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መሥመር ያለፈ አንድም የአዮዋ ተጫዋች አልነበረም። ሦስቱ ነጥብ ኳሱን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መካከል በማሳለፍ፣ አራቱ ደግሞ ተከላካዮቹ ሁለት ጊዜ ተጋጣሚውን በገዛ ክልሉ ውስጥ ይዘው በመጣላቸው የተገኙ ናቸው። በዚያ ዓመት የአዮዋ ማጥቃት በሸፈነው ርቀት ከ131 ቡድኖች 130ኛ ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከ133 ቡድኖች 133ኛ። ተመልካቹ ንዴቱን በቀልድ ያስታግሥ ያዘ። ማጥቃቱ በከሸፈ ቁጥር ኳሱን ወደ ሩቅ እየለጋ ለተጋጣሚ የሚያስረክበው አውስትራሊያዊው ቶሪ ቴይለር የቡድኑ ጀግና ተባለ። ቴይለር በ2023 ከ1938 ጀምሮ የቆየውን የአንድ የውድድር ዘመን ክብረ ወሰን ሰበረ። እንዲህ ያለው ክብረ ወሰን ለለጊው ምስጋና፣ ለአጥቂው ክፍል ግን ክስ መሆኑን ተመልካቹ አላጣውም።

አስቸጋሪው ነገር የሚመጣው ግን እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ ይሸነፍ አልነበረም። በ2023 ዐሥር ጨዋታ አሸንፎ የምዕራቡን ምድብ በአንደኝነት ጨርሷል። የአሠልጣኙ ጠበቆችም፣ ያሸነፈ ሰው ስለ ምን ይከሰሳል ይላሉ። እኔ ግን ከዚያው ዓመት አንድ ነገር አነሣለሁ። የመከላከሉን ክፍል ይመራ የነበረው ፊል ፓርከር በ2023 የአገሪቱ ምርጥ ረዳት አሠልጣኝ ተብሎ ተሸለመ። እርሱንም በ2012 ለዚያ ኃላፊነት ያጩት እኒሁ ፈረንዝ ናቸው። አንድ ሰው፣ አንድ ቢሮ፣ አንድ ዓመት፤ በቀኝ በኩል የአገሩን አንደኛ ያስቀመጠ ዓይን በግራ በኩል የአገሩን መጨረሻ ሳያይ ቀረ። ሰውየው ሰው መምረጥ አያውቁም ሊባል አይቻልም። ያውቃሉ። የተመልካቹ ብስጭት ሥሩ ይኸው ነው፤ ድሉን አላጣም፣ የሚያየውን እንዳላየ እንዲሆን ግን ተጠየቀ።

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል። ተረቱ ስለ ዝምድና ሙቀት የሚናገረው እውነት ነው፤ ስለ ሥራ ምደባ ግን ምንም አይልም። አባት ልጁን መውደዱ ነውር አይደለም፤ የማይወድ ቢሆን ነበር የሚያስፈራው። ይህ ፍቅር ግን የሚፈርድበት ወንበር ላይ አብሮ ሲቀመጥ፣ ዳኛው ዝም ሊል ግድ ይሆናል።

ዳኛው ዝም ሲል ማን ተናገረ? ቁጥር። በ2023 መጀመሪያ የብራያን ውል ተሻሽሎ ደመወዙ በ50,000 ዶላር ተቀነሰ፤ ቡድኑ በአማካይ በጨዋታ 25 ነጥብ እንዲያስቆጥርና ቢያንስ ሰባት ጨዋታ እንዲያሸንፍ ተጻፈ። ተከላካዮቹ የሚያስቆጥሩት ሳይቀር ይደመራል! ተመልካቹም ጨዋታ ማየቱን ትቶ ሒሳብ ማስላት ጀመረ፤ 13 ጨዋታ በ25 ሲባዛ 325። እኔ ከነገሩ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። «ይህ ሰው ለዚህ ሥራ ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ብሎ በስሙ የሚቆም ሰው ጠፍቶ፣ የሰው ፍርድ ለመደመሪያ መኪና ተሰጠ። ኋላ ግን መናገር የግድ ሆነ። ባርታ ጡረታ ወጥተው በጊዜያዊነት የተተኩት ኃላፊ፣ ቡድኑ ከስምንት ጨዋታ ስድስቱን አሸንፎ፣ አማካዩም 19.5 ነጥብ ሆኖ ሳለ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ብራያን ከውድድሩ ዘመን በኋላ እንደማይቀጥል አስታወቁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች 26 ለ 0 እና 35 ለ 0 በሆነ ሽንፈት አለቁ፤ አማካዩ ወደ 15.4 ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ዘመድ ያልሆነ አሠልጣኝ መጣና 25ቱ ታለፈ።

እንግዲህ ተመልካቹ ትክክል ነበር ብዬ ልደምድም? አልቸኩልም። ልጁ 30 ነጥብ ቢያስቆጥርስ ኖሮ? «አባቱ አመቻቸለት» ይባል ነበር። ቢወድቅ በአባቱ፣ ቢነሣ በአባቱ። ከተመልካቹም፣ ቦታውን ሊያገኝ ይችል ከነበረው ሌላ ሰውም ይልቅ የተዘረፈው ልጁ ራሱ ይመስለኛል፤ የችሎታውን ልክ የሚያውቅበት መንገድ ተዘጋበት።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ተውኔቴን ራሴ ሳዘጋጅ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት። ለቦታው የሚገባ ሌላ ወጣት ነበር፤ በልምምድ ጊዜ ድምፁን የሰማ ሁሉ ያውቀው ነበር። እርሱን መጋረጃ ሳቢ አደረግሁት። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «የአክስቴ ልጅ አነጋገሬን ይረዳዋል» የሚል ነበር። ረድቶትም ይሆናል። ተመልካቹ በሁለተኛው ገቢር ማልቀስ በሚገባው ቦታ ሳቀ፤ እኔም ተመልካቹ አልበሰለም አልኩ። የቡድኑ አባላት አንድም ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ ምሽት በኋላ ማንንም ሳመሰግን ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ተለወጠ፤ ምስጋናዬ ዋጋ አጥቶ ነበር። መጋረጃ ሳቢው በማግስቱ አልመጣም።

የአክስቴ ልጅ ቴአትሩን ትቶ ዛሬ በሌላ ሥራ ይተዳደራል፤ ጠጉሩም ሸብቷል። ባለፈው የገና በዓል ቤቴ መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ ያንን ተውኔት አነሣ። «ጋሼ» አለኝ፣ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ያን ጊዜ እችል ነበር?»

ሲኒውን ተቀብዬ ሁለተኛውን እንዲቀዱለት ወደ ጓዳ ተጣራሁ። ጥያቄውን አልደገመውም።