ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



የሰርግ ወቅት በመጣ ቁጥር ከታናናሾቼ አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰኛል። "ወንድሜ፣ የአጎቴ ልጅ ነገ ኒካሕ አላት፤ ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ? አስቂኝ ይሻላል ወይስ ከልብ የሆነ?" የሚፈልጉት አንድ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ነው። ቶሎ እንዲደርሳቸውም ይፈልጋሉ፤ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ዓርብ ማታ ነውና። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ዓሊምም ገጣሚም አይደለሁም። ነገር ግን ባሰብኩበት ቁጥር ከጥያቄው ሥር ሌላ ጥያቄ አገኛለሁ። ለሌላ ሰው ትዳር መልካም ስንመኝ በትክክል ምን እያደረግን ነው? የማይሰማንን ብንጽፍስ ውሸት ይሆናል?

ከቋንቋው ልጀምር። እናቶቻችን "አላህ ይባርክላችሁ"፣ "አላህ አብሮ ያስረጃችሁ"፣ "አላህ ያሳምርላችሁ" ሲሉ ሰምታችሁ አድጋችኋል። አድራጊው ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ አላህ ነው። "መልካም ትዳር እመኝላችኋለሁ" ሲባል ግን አድራጊው "እኔ" ነኝ። እንግሊዝኛውም ፈጣሪን የሚጠራ አነጋገር አጥቶ አይደለም፤ ከሱቅ በምንገዛው ካርድ ላይ የሚታተመው ግን ብዙውን ጊዜ የጸሐፊው ስሜት ነው፦ ደስ ብሎኛል፣ ኮርቼባችኋለሁ፣ እወዳችኋለሁ። ክፋት የለውም። ስሜቴን ስገልጽ የማናግረው ሙሽሮቹን ብቻ ነው። ምርቃት ስጽፍ ግን ሙሽሮቹ ያነቡታል፣ ልመናው የሚቀርበው ደግሞ ለአላህ ነው። ሽማግሌ ሲመርቅ ቤቱ ሁሉ እጁን ዘርግቶ "አሚን" የሚለው ለዚህ ነው። ለሙገሳ አሚን አይባልም፤ ለሙገሳ ይጨበጨባል።

ይህን ከያዝን ቀጣዩ ጥያቄ ምን እንለምንላቸው የሚለው ነው። ዐረቦች ከኢስላም በፊት ለሚያገባ ሰው የሚሉት የታወቀ ምኞት ነበራቸው፤ ስምምነትና ወንዶች ልጆች ይሁኑልህ የሚል። ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ እንደዘገቡት ዐቂል ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ሲያገባ ሰዎች ይህንኑ አሉት። እሱ ግን እንዲህ እንዳይሉ ነግሯቸው፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ወዳስተማሩት የበረካ ዱዓ መለሳቸው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡት፣ ዛሬ በየኒካሑ የምንሰማው ዱዓም ሦስት ነገር ይለምናል፦ በረካ ላንተ፣ በረካ በአንተ ላይ፣ ሁለታችሁንም በኸይር ማጣመር። ዑለማዎች የድሮው አባባል ለምን እንደተጠላ ሲያብራሩ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች መካከል የአላህ ስም አለመነሳቱና ሴት ልጅን ትቶ ወንድ ልጅን ብቻ መመኘቱ ይገኙበታል።

እኔ በሙያዬ ዓይን ሌላም ነገር ይታየኛል። ደንበኛ መጥቶ "ድልድይ ሥሩልኝ" ሲል መጀመሪያ የምንጠይቀው "ምን እንዲሆንልህ ነው የፈለግከው?" ብለን ነው። ወንዙን መሻገር ከሆነ ዓላማው፣ ድልድይ አንዱ መንገድ ነው፤ ጀልባም አለ። ዓላማን መጻፍና ንድፍን መጻፍ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ያ ዱዓ ዓላማውን ብቻ ይጽፋል። ስንት ልጅ፣ ምን ዓይነት ቤት፣ ምን ያህል ገቢ፣ የትኛው አገር አይልም። ንድፉን ለሚያውቀው ይተዋል።

በአማርኛችን "ውለዱ ክበዱ" የሚል ምርቃት አለ። ውብ ነው፤ ክብርንም ክብደትንም በአንድ ቃል ይዟል። አሁን የምጽፈውን ባለቤቴ አንብባ ፈቅዳልኛለች። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው፤ ልጅ አልተሰጠንም። የሰርጋችን ካርዶች በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ካርቶኑ መጀመሪያ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ገደማ ወደ ቁም ሳጥን ገባ፣ ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ማን እንዳወረደው ተነጋግረን አናውቅም። ግማሹ ካርድ "ውለዱ ክበዱ" ይላል፤ ሌላው "የዛሬ ዓመት ለዐቂቃ ያገናኘን" ይላል። አንዱ እንዲያውም የመንታ ስም መርጦልናል።

እነዚህን የጻፉ ሰዎች ይወዱናል። ልጅ ኒዕማ መሆኑንም የሚክድ የለም፤ ኢብራሂምና ዘከሪያ (ዐለይሂመ ሰላም) ልጅ እንዲሰጣቸው አላህን ለምነዋል። የለመኑት ግን ራሳቸው ነበሩ። የጎደላቸውን ያውቃሉ፣ ስሙን ጠርተው ይጠይቃሉ። ሌላ ሰው ሳይጠየቅ ስለ ጎጆዬ ዝርዝር ሲጽፍ ግን ምርቃቱ ሳያስበው የጊዜ ሰሌዳ ይሆናል። ሰሌዳው ሲያልፍ ደግሞ ካርዱ ሰላምታ መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ ይሆናል። "እስካሁን ምነው?" የሚል ጥያቄ።

ከካርቶኑ ተርፎ ዛሬም ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ አንድ ካርድ አለ። የጻፈችው ያኔ የ14 ዓመት ልጅ የነበረች የባለቤቴ የአክስት ልጅ ናት። ፊደሉ ይወላገዳል። "አላህ ቤታችሁን ሁሌ ሻይ የተጣደበት ያድርገው" ይላል። (ሻይም ዝርዝር ነው የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልጅ ኖረም አልኖረም ግን ሻይ መጣድ ይቻላል። ደግሞ እንግዳ አለበት፣ ቁጭ ብሎ ማውራት አለበት፣ ማምሸት አለበት።) ይህች ልጅ ስለ ዓላማና ንድፍ ማንም አላስተማራትም። እኛ ቤት መጥታ ምን ደስ እንደሚላት አሰበች፣ ያ እንዳይጠፋ ለመነች። በነገራችን ላይ እናንተም ስለ እኛ ዱዓ አድርጉልን፤ አሁን እኔ ጠይቄያችኋለሁ።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። አንዲት እህት ባለፈው ዓመት እንዲህ አለችኝ፦ "ጓደኛዬ ልታገባ ነው። ልጁን አላምነውም። ካርድ ላይ 'ተገጣጠማችሁ' ብዬ ብጽፍ ሙናፊቅ አልሆንም ወይ?" ሌላ ወንድም ደግሞ፣ 32 ዓመቱ ነው፣ በአንድ ክረምት አምስተኛ ሰርግ ላይ ሚዜ ሆኖ "ደስ ብሎኛል ብዬ መጻፍ ከበደኝ" ብሎኛል። ሁለቱም ሐቀኞች ናቸው። ያስጨነቃቸውም ሐቀኝነታቸው ነው።

የእኔ መልስ ይህ ነው። "ተገጣጠማችሁ"፣ "እንደ እናንተ ያለ ጥንድ አይቼ አላውቅም" የሚሉት መግለጫዎች ናቸው። መግለጫ እውነት ወይም ሐሰት ይሆናል፤ የማታምኑበትን አትጻፉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው ሌላውን ከልክ በላይ ሲያወድስ ሰምተው የባልንጀራውን አንገት እንደቆረጠ ነግረውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለእውነተኛ ውዳሴ እንኳ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ለይሉኝታ ሲባል የሚጻፈው ውዳሴ ምን ሊባል ነው? ዱዓ ግን መግለጫ አይደለም። "አላህ በኸይር ያጣምራችሁ" ስትል ትዳሩ ያምራል ብለህ አልመሰከርክም፤ እንዲያምር ለመንክ። እንዲያውም ሥጋት ያለበት ሰው ከማንም በላይ አጥብቆ መለመን ይችላል። ለዚያች እህት ያልኳት ይህን ነው፦ ካንቺ በላይ ያንን ዱዓ ከልብ ልትጽፍ የምትችል ማን አለ?

ጥርጣሬው ተጨባጭ ከሆነ ግን ቦታው ካርዱ አይደለም። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ሁለት ሰዎች ሲያጯት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ልታማክር መጣች። እሳቸውም ስለ ሁለቱም የሚያውቁትን ሳይሸፍኑ ነገሯት፤ አንዱ ገንዘብ እንደሌለው፣ ሌላው ዱላውን ከትከሻው እንደማያወርድ፤ ከዚያም ሌላ ሰው እንድታገባ መከሯት። ታሪኩ በሙስሊም ዘገባ ውስጥ ይገኛል። ምክር ጊዜ አለው፤ ጊዜው ከኒካሑ በፊት፣ በጆሮ ነው። በማኅበረሰባችን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሲጠየቅ "ጥሩ ልጅ ነው" ይባላል፣ ከሰርጉ በኋላ ሁሉም "እኔ እኮ አውቅ ነበር" ይላል።

ለሁለተኛው ወንድም መልሱ ይቀላል፣ ምናልባትም ይከብዳል። ደስታ ካልተሰማህ ደስ ብሎኛል አትበል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ፣ ለወንድሙ በሌለበት ዱዓ የሚያደርግ ሰው መልአክ "አሚን፣ ላንተም እንደዚሁ" እንደሚለው ተነግሯል። እንግዲህ ዓርብ ማታ ብቻህን ቁጭ ብለህ ካርድ ስትጽፍ ሙሽራው አጠገብህ የለም። ቅናት የሚባለውን ነገር በክርክር ማሸነፍ አይቻልም፤ እኔ ሞክሬ ያየሁት ብቸኛ መላ ያ የቀናሁበት ሰው እንዲጨመርለት በስሙ መለመን ነው። መጀመሪያ ላይ አፍ ብቻ ነው የሚለው። ይሁን፤ አፍ ይጀምር።

አሁን ወደ አስቂኙ። ቀልድ ከዲን ውጭ የሚመስላቸው ልጆች አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር፤ ሲቀልዱም እውነት እንጂ አይናገሩም። የሚጫንበት እንስሳ የጠየቃቸውን ሰው በግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገሩት፤ ሰውዬው የግመል ልጅ ምን ያደርግልኛል ብሎ ግራ ሲገባው፣ ግመል ሁሉ የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። ማንም አልተዋረደም፣ ማንም አልተዋሸም፣ ሰውዬውም ግመሉን ያገኛል። የሰርግ ካርድ ቀልድ እንዲህ ቢሆን እንዴት ባማረ!

የምናየው ግን ሌላ ነው። "ነጻነትህ አበቃ"፣ "እስር ቤት እንኳን ደህና መጣህ"፣ "አሁንም መሮጥ ትችላለህ"። እነዚህ ከቴሌቪዥን የመጡ ናቸው፤ ለእኔ ከማሳቀቅ አልፈው አያስቁኝም። ይህን የሚያነቡት ሁለት ሰዎች መሆናቸውን ጸሐፊው ረስቶታል። እሱ እስረኛ ከሆነ እሷ ማን ልትሆን ነው? ስለ ሙሽሪት ምግብ አሠራር፣ ስለ ሰውነቷ፣ ስለ ቀድሞ እጮኛ የሚቀለደውን ደግሞ ሱረቱል ሑጁራት በ11ኛው አንቀጽ ስለ መሳለቅ የሚለውን ያነበበ ሰው እንዴት እንደሚጽፈው አይገባኝም።

ቀልድ ስትጽፉ ካርዱ በአሥረኛው ዓመት፣ ባልና ሚስት ተኳርፈው ባደሩበት ጧት ሲነበብ አስቡት። ያኔም ፈገግ ካሰኘ ጻፉት። ከሰማኋቸው ሁሉ የወደድኩት አንድ ወንድም ለእህቱ የጻፈው ነው። ሙሽራው የልጅነት ጓደኛው ነው። "ለፈጅር አምስት ማንቂያ የሚሞላ ሰው አግብተሻል። አራቱ የሚቀሰቅሱት አንቺን ነው። አላህ በአምስተኛው አብራችሁ የምትነሱ ያድርጋችሁ።" ሙሽራው ራሱ ማይክሮፎን ይዞ ካርዱን ለአዳራሹ አነበበው። እውነት ነው፣ ስለ እሱ ብቻ ነው፣ ደግሞ መጨረሻው ዱዓ ስለሆነ ሰው ሁሉ እየሳቀ "አሚን" አለ። አስቂኝ ወይስ ከልብ ብላችሁ የምትመርጡት ነገር አለመሆኑን ያየሁት እዚያ ነው።

ስለ መቅዳትም ትጠይቁኛላችሁ። "ከኢንተርኔት ብገለብጥ፣ በስልኬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባስጽፍ ችግር አለው?" ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩትን ዱዓ ስንጽፍ እኮ ሁላችንም እየገለበጥን ነው፤ እሱን ገልብጡ። ከሥሩ ደግሞ እናንተ ብቻ ልትጽፉት የምትችሉት አንድ መስመር ይኑር። ማሽን የሙሽራውን አምስት ማንቂያ አያውቅም። አማርኛችሁ ቢሰባበር አትፈሩ፤ ሀ እና ሐ ቢምታታባችሁ ከአላህ ዘንድ ፊደል የሚያርም የለም። የሙሽሪት አያት ካርዱን እንዲያነቡት ከፈለጋችሁ በአማርኛ ጻፉ። ለእሷ ብቻ ከሆነ አብራችሁ በምትስቁበት ቋንቋ ጻፉ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከፍልስፍናው ጋር ግንኙነት የለውም፦ ስማችሁን ጻፉ። በእኛ ሰርግ ላይ ሦስት ፖስታዎች ያለ ስም ደርሰውናል። አንደኛው ውስጥ ከገንዘቡ ጋር በጣም ቆንጆ ዱዓ ነበረበት። ሰባት ዓመት ሙሉ በየሰርጉ የሰዎችን የእጅ ጽሑፍ እየሰረቅን እናያለን፤ እስካሁን አላገኘነውም። ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን፣ ሻይ ተጥዷል።